«እገዛዋለሁ» ያለ ሁሉ ገዥ አይደለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች የሚሆን፣ ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራት ሠርተናል። ለ60 ሰዎች አሳይተን ስንጠይቃቸው 52ቱ «እንገዛዋለን» አሉን። አሁን 3,000 ፍሬ ለማስመረት ገንዘብ አዘጋጅተናል። ይህ ማረጋገጫ ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃችሁም። ገንዘቡን ለጊዜው ያዙት። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ጠያቂውን ማስቀየም አይወድም፤ «እገዛዋለሁ» ማለትም ምንም አያስከፍለውም። በዚያ ላይ ስትጠይቁ ዋጋውን ነግራችኋቸዋል? አሁን የሚጠቀሙበት መብራትስ አጠገቡ ነበር? አዲሱ ዕቃ የሚወዳደረው ከባዶ ጠረጴዛ ጋር አይደለም፤ ዋጋው ተከፍሎበት እዚያው ከተቀመጠው መብራት ጋር ነው።

የተጠያቂዎቹ ቁጥር ቢበዛም መፍትሔ አይሆንም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጠጡን ቀመር ከመለወጡ በፊት ወደ 200 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች አስቀምሶ ነበር፤ ብዙዎቹም አዲሱን መረጡ። የተጠየቁት ግን ስለ ጥቂት ጉንጭ ጣዕም እንጂ የለመዱት መጠጥ ከገበያ ቢጠፋ ምን እንደሚሰማቸው አልነበረም። ቁጣው በረታና ኩባንያው በ79 ቀን ውስጥ የቀድሞውን መለሰ።

ከዚህ በተቃራኒ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀቱን እ.ኤ.አ. በ1977 በአራት የአሜሪካ ከተሞች ሲሞክር ሽያጩ አልተነሳም፤ ሰዎች ወረቀቱ ለምን እንደሚጠቅም አልገባቸውም ነበር። በማግስቱ ዓመት ግን ቦይሲ በተባለች ከተማ በነፃ ታድሎ ከተጠቀሙበት በኋላ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት እንደሚገዙት ተናገሩ፤ በ1980 በመላው አገሪቱ ለገበያ ቀረበ። ወረቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ መልሱ የመጣው ከተጠቀሙበት በኋላ መሆኑ ላይ ነው።

እናንተም ይህንኑ በትንሹ አድርጉት። 20 መብራት ሥሩና ለማያውቋችሁ ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ስጡ። ዘመድና ጓደኛ ከቆጠራው ይውጣ፤ ውጤት የሚያበላሹት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። በ14ኛው ቀን መብራቱን እንደምትወስዱ ንገሯቸውና «ሒሳቡን ልክፈልና እኔው ጋር ይቅር» የሚሉትን ብቻ ቁጠሩ። እነዚያን 52 ሰዎች ደግሞ መልሳችሁ አግኟቸው፤ ትክክለኛውን ዋጋ ተናግራችሁ፣ የማስረከቢያ ቀን ቆርጣችሁ 20 በመቶ ቀብድ ጠይቁ። ከሰባት ወይም ከስምንት ሰው በላይ ካስያዘላችሁ ደስ ይበላችሁ።

ሒሳቡንም አስሉት። የሞልድ (ቀልጦ የሚገባው ፕላስቲክ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት)፣ የሙከራና የማስታወቂያ ወጪያችሁ 90,000 ቢሆንና የማምረቻውና የቸርቻሪው ድርሻ ሲቀነስ ከአንዱ መብራት 30 ቢተርፋችሁ፣ 90,000 ለ30 ሲካፈል 3,000 ይመጣል። ይህ ማለት ያዘዛችሁት በሙሉ ቢሸጥ እንኳ ያወጣችሁትን መለሳችሁ እንጂ አላተረፋችሁም።

ጥያቄ፦ የውሃ መያዣ ጠርሙሳችን ክዳን ከአንገቱ ጋር በስስ ፕላስቲክ የተያያዘ ነው። በስሪዲ ፕሪንተር ያወጣነው ናሙና ጥሩ ነበር። በሞልድ ከተመረቱት 500ዎቹ ግን ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ማጠፊያቸው ላይ ተሰነጠቁ። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ናሙናችሁ ምን እንዳረጋገጠላችሁ እንይ። በፕሪንተር የወጣ ናሙና መጠኑን፣ መልኩንና በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ስለ ማጠፊያው ጥንካሬ ግን ምንም አይነግራችሁም፤ ፕላስቲኩ ሞልድ ውስጥ የሚፈስበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነውና።

ከተሰነጠቁት ክዳኖች አሥሩን ሰብስባችሁ ብርሃን ላይ ያዟቸው። ስንጥቁን ተከትሎ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ፣ ቀልጦ የገባው ፕላስቲክ ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ የተገናኘው ማጠፊያው ላይ ነው። እዚያ ላይ አይዋሐድም፤ ይጣበቃል እንጂ። መፍትሔው ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ቦታ መቀየርና በአንድ አቅጣጫ ማጠፊያውን አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

መስመር ከሌለ ውፍረቱን ለኩ። ለእንዲህ ዓይነት ማጠፊያ የሚመረጠው ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ውፍረቱም ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ከወፈረ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ከልክ በላይ ተስቦ ይሰነጠቃል። ሰዎች «ይጠንክር» ብለው ያወፍሩትና ራሳቸው ይሰብሩታል። ስለዚህ ማጠፊያውን በቀጭኑ ጀምሩ፦ ሞልዱን ትንሽ ፍቆ ፕላስቲኩን ማወፈር ቀላል ነው፤ የተፈቀን ብረት መልሶ መሙላት ግን ብየዳ ይጠይቃል፣ ውድም ነው። ክዳኑ ከሞልድ እንደወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ ጥቂት ጊዜ አጥፎ መዘርጋትም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ለወደፊቱ መሥፈርቱን ከሞልዱ በፊት በቁጥር ጻፉ። በቀን 10 ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ዓመት ይቆይ ካላችሁ 7,300 ጊዜ ማለት ነው፤ ያንን ያህል ክፈቱና ዝጉ። ግማሹን ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ ድገሙት፤ ፖሊፕሮፒሊን በብርድ ይሰባበራል። 500 ከማዘዛችሁም በፊት በእውነተኛው ሞልድ፣ በእውነተኛዎቹ ሠራተኞች 50 አስመርቱ። ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ብትለውጡ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ጥያቄ፦ አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ልናወጣ ነው። በስንት ቀለም እንጀምር?

መልስ፦ በአንድ፤ ቢበዛ በሁለት። በስድስት ቀለም 600 ቦርሳ ስትሠሩ 100፣ 100 ይደርሳል። ሁለቱ ቀለም ቶሎ ያልቃል፣ አራቱ መጋዘን ይቀመጣል፤ ገዥው የመጣው ደግሞ ያለቀውን ብሎ ነው። በዚያ ላይ ቦርሳው ነው ወይስ ቀለሙ ያልተወደደው የሚለውን ለማወቅ ትቸገራላችሁ።

ጥያቄ፦ በውሃ ተበጥብጦ የሚሠራ የወለል ማጽጃ ዱቄት ለገበያ አቅርበናል። ሽያጩ ለአራት ወር ጨምሮ በአምስተኛው ወረደ። ማስታወቂያውን አላቋረጥንም። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ ችግሩ ከአምስተኛው ወር ቀድሞ የጀመረ ይመስላል። ጠቅላላ ሽያጭ ሁለት ዓይነት ገዥ አደባልቆ ያሳያችኋል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረውንና ተመልሶ የሚመጣውን። በመጀመሪያው ወር 400 ሰው ገዛ እንበል። አንዱ ፓኬት ስድስት ሳምንት የሚያገለግል ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ ከ400ው ስንቱ ተመለሰ? 60 ብቻ ከሆነ ማስታወቂያው በቀዳዳ ጋን ውሃ ሲሞላ ቆይቷል። የሚሞክረው አዲስ ሰው ሲያንስ ጋኑ ባዶ መሆኑ ታየ። ገዥዎቻችሁን በገዙበት ወር ለያይታችሁ መመለሳቸውን ተከታተሉ። የምትሸጡት በሱቅ በኩል ከሆነና ገዥውን የማታዩት ከሆነ፣ ቢያንስ 40 ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

ከዚያ አምስት ሰው ቤት ሄዳችሁ ሲበጠብጡ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እንዲህ ባለው ዱቄት ደጋግሞ የሚያጋጥመው የሚከተለው ነው፦ ለወለል የሚሠራ ማጽጃ አረፋው እንዲያንስ ተደርጎ ይቀመማል። የሰው ዓይን ግን አረፋን የማጽዳት ምልክት አድርጎ ለምዷል። አረፋ ሲያጣ ሁለተኛ ማንኪያ ይጨምራል፣ ሦስተኛም። የተረፈው ወለሉ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ማታ ላይ የእግር ዱካ ይታይበታል። ሰውየውም «ወለል ያቆሽሻል» ብሎ ይተወዋል። ለጎረቤትም የሚያወራው ይህንኑ ነው።

የጎረቤት ወሬ ክብደቱ ከማስታወቂያ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመ፣ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት ብዙዎቹ ስለ ዲቃላ የበቆሎ ዘር መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች እንደነበር፣ እንዲዘሩት ያሳመኗቸው ግን ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ዘሩ የተሻለ ምርት ይሰጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙው ገበሬ ዓመታት ጠብቆ፣ መጀመሪያ በጥቂት መሬት ላይ ሞክሮ ነው የተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤቨረት ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የአዲስ ነገር ተቀባዮችን ሲከፋፍል ፈር ቀዳጆቹ 2.5 በመቶ፣ ተከታዮቻቸው 13.5 በመቶ ናቸው ብሏል። እነዚህ ጉድለትን ይታገሣሉ። ቀጥሎ የሚመጣው 34 በመቶ ግን የሌላውን ወለል አይቶ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ ማንኪያውን ከሰው እጅ አውጡት። ለአንድ ባልዲ፣ ለ5 ሊትር ውሃ ልክ የሚሆን ትንሽ ከረጢት አዘጋጁና ፊቱ ላይ በትልቁ «አረፋ የለውም፤ አይጨምሩ» ብላችሁ ጻፉ። ማስታወቂያውን ለጊዜው ቀንሱ፤ ያልተስተካከለ ምርት ብዙ ሰው በሞከረው ቁጥር ክፉ ወሬው ይሰፋል። ምርታችሁን ከተዉት ገዥዎች መካከል ለ50ዎቹ አራት አራት ከረጢት በነፃ ስጡና ስድስት ሳምንት ጠብቁ። በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙት ከቀድሞው በግልጽ ከበለጡ ማስታወቂያውን መልሳችሁ ጀምሩ። ካልበለጡ ግን ጉድለቱ መጠኑ ላይ ሳይሆን ቀመሩ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ከረጢት ከማሳተማችሁ በፊት ያንኑ ወለል ከሚጠቀሙበት የቀድሞ ማጽጃ ጋር ጎን ለጎን አጽድታችሁ አወዳድሩ።