የባትሪ ድንጋይ ሲደክም፦ ክላሲካል ሙዚቃ ለሚያዳምጡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

ከዳኝነት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቴ እየመጣችሁ በስልካችሁ የያዛችሁትን ክላሲካል ሙዚቃ ስታሰሙኝ፣ እኔም የእኔን ሳሰማችሁ ዓመት አለፈን። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዱን ሥራ ማን የተጫወተው ይበልጣል እያላችሁ የምታነሡትን ክርክር በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዳችሁ «የእኔው ቅጂ ይበልጣል» ይላል፣ ሌላው «ያንተ ጆሮ አይሰማም» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያም ነገሩ ሳይቋጭ ቡናው ያልቃል። ስለዚህ ጉዳይ በቃል ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላችሁ ንግግሬን የሚያቋርጥ ስለማይጠፋ መጻፉን መረጥሁ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ቢቸና ተመድቤ ስሠራ ሌኒንግራድ ተምሮ የተመለሰ የግብርና ባለሙያ ጓደኛ ነበረኝ። ይዞት ከመጣው ንብረት ሁሉ በጣም የሚሳሳለት አንድ ካሴት ነበር፤ የሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በየቭጌኒ ምራቪንስኪ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1960 የቀረጸው የሩሲያዊው አቀናባሪ የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒ (በአራት ክፍል የተደረሰ ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ) ሲሆን፣ ከሸክላ ወደ ካሴት የገለበጠው እሱ ራሱ ነበር። ምራቪንስኪ ያን ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1988 ድረስ የመራ ሰው ነው፤ ጓደኛዬም ስለ እሱ ሲያወራ ስለ ገዛ አጎቱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ይህን ካሴት ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ።

ቴፔ የሚሠራው በስድስት የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ውድ ስለነበር ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ቀን ቀን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አሞቃቸው ነበር፤ ካሴቱንም ወደ ኋላ የማጠነጥነው ጉልበታቸውን ላለመጨረስ ስል በእስክሪብቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስሰማ ሰንብቼ ካሴቱን ስመልስለት «ሰውየው ደክሞታል፤ ያን ሦስተኛውን ክፍል፣ የሰልፉን ምት፣ ከዓባይ በረሃ ጭኖ እንደሚወጣ አጋሰስ ይጎትተዋል» አልሁት። ጓደኛዬ መልስ እንኳ ሳይሰጠኝ ካሴቱን ተቀብሎኝ ሄደ፤ ለአንድ ወር ያህልም ሰላምታችን የቀዘቀዘ ሆነ።

ያስታረቀን በልጅነቱ ዜማ ቤት የቆየ፣ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባ አንድ መምህር ነበር። አንድ ምሽት ሁለታችንንም እኔው ቤት አስቀምጦ «እስቲ የተጣላችሁበትን ነገር ልስማው» አለንና ያንኑ ካሴት በዚያው ቴፕ ከፈትነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ከዜማው አንዲት ድምፅ በጉሮሮው ያዘና፣ ቴፑን እንዳቆም በእጁ አሳይቶኝ ጓደኛዬ በኪሱ ይዟቸው ወደመጣው አዳዲስ ድንጋዮች ጠቆመኝ። የቴፑን ጀርባ ከፍቼ፣ አሮጌዎቹን አውጥቼ፣ አዳዲሶቹን በየአቅጣጫቸው እስከከትት ድረስ ትንፋሽ እየሰረቀ ያችኑ ድምፅ እንደያዘ ጠበቀን። ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ስከፍተው ሙዚቃው ከእሱ ድምፅ በላይ ወጥቶ ይሮጥ ጀመር። ጓደኛዬ ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። የካሴት ክር በሰከንድ ወደ 4.8 ሳንቲሜትር ገደማ መሄድ አለበት፤ ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፣ ክሩም ሲዘገይ ምቱ ብቻ ሳይሆን ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ሙዚቃን በጠበቀ ሥርዓትና በውጥር ፍጥነት በመምራት የታወቀውን ሰው፣ ፀሐይ ሲሞቁ በዋሉ ድንጋዮች ምስክርነት ደካማ ብዬ ፈርጄበት ኖሯል። በሥራዬ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ በይግባኝ ይሻርብኝ ነበር።

እናንተ የድንጋይ ችግር የለባችሁም፤ ችግሩ ግን መልኩን ለውጦ አብሯችሁ ይኖራል። የዚሁ ሲምፎኒ መጀመሪያ ባሱን የሚባለው መሣሪያ ከታች፣ ከወፍራሞቹ ድምፆች መካከል በጣም ዝቅ ብሎ የሚያሰማው ዜማ ነው፤ በዚያው ክፍል መካከል ደግሞ አቀናባሪው ለአንዲት ሐረግ «እጅግ በለሆሳስ» ለማለት ፒ የሚለውን ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሯል፤ ወዲያውም መላው ኦርኬስትራ እንደ መብረቅ ይወርዳል። ይህን በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ያውም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የሰማ ሰው የሰማው መብረቁን ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከእናንተ አንዱ «መጀመሪያው ባዶ ነው» ያለኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ባይኖራችሁ እንኳ ጸጥ ያለ ክፍል አይጠፋም፤ ያም ካልተገኘ አስተያየታችሁን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለጓደኛችሁ የምትወዱትን ስትልኩ ደግሞ ምን እንደላካችሁ ንገሩት። «የባኽ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ፣ በግሌን ጉልድ» ተብሎ የተላከ ፋይል ስሙ ግማሽ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ጉልድ ይህን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን ሥራ በስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ1981። የመጀመሪያው ወደ 38 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ወደ 51 ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ ልጆቼ ቶሎ አትፍረዱ፤ ልዩነቱ ሁሉ የፍጥነት አይደለምና። በመጀመሪያው ላይ ኖታው እንዲደገሙ የሚያዝዛቸውን ክፍሎች አልደገማቸውም፤ በሁለተኛው ግን ከእነዚህ የተወሰኑትን ደግሟቸዋል። ስለዚህ የጠቅላላ ደቂቃውን ቁጥር ይዞ «ሲያረጅ ዘገየ» የሚል ሰው ማስረጃውን በትክክል አልመረመረም ማለት ነው። ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሁለቱም ላይ ያለ ድጋሚ የተጫወተውን የመግቢያውን አሪያ፣ ሥራው የሚከፈትበትን ዜማ፣ ውሰዱ፤ በ1955 ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ በ1981 ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ስለዚህም ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ከፒያኖው ድምፅ ሥር የሚሰማው ማጉረምረም ቅጂው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሰውየው እየተጫወተ የማንጎራጎር ልማድ ነበረው። እኔ ለዓመታት ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ባይኖር የሚጎድለኝ ይመስለኛል።

አንድን ሥራ በብዙ እጅ መስማት ለጎጃም ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የድጓው ዜማ አንድ ሆኖ ሳለ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ ስልቶች አሉት፤ ሊቃውንቱም የየራሳቸውን ስልት አጥብቀው ይወዳሉ፣ ይከራከሩበታልም። ነገር ግን የአጫብሩ ሰው የቤተልሔሙን «ይህ ድጓ አይደለም» ሲል አልሰማሁም፤ ይልቁንስ «እዚህች ላይ እናንተ ታነሣላችሁ፣ እኛ እንጥላለን» ብሎ ቦታዋን ለይቶ ያሳያል። እኔ ከእናንተ የምፈልገው ይህንኑ ነው። «ይበልጣል» ማለት ትታችሁ «አራተኛው ደቂቃ ላይ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ እንዲህ ሆነ» በሉ። ያን ጊዜ ጓደኛችሁ ሄዶ ሊሰማው፣ ሊስማማ ወይም ሊረታችሁ ይችላል። «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ግን ማንም ሄዶ ሊሰማው አይችልም።

ስሙንና ዓመቱን ከነገራችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። «አሁን ይመጣል! አሁን ስማው!» እያሉ ክንድ የሚነኩ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ባለቤቴ ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሰማት «ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች፤ በራዲዮ እንዲህ ያለውን ትሰማ የነበረው በሐዘን ቀን ነውና። እኔ ደግሞ እያንዳንዷን ሐረግ እያስረዳሁ አላስቀመጥ አልኋት። ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ጋዜጣ ሳነብ፣ ሳላስረዳት የቀረሁትን አንዱን ራሷ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ደብተርም ያዙ። የእኔ ደብተር ቆዳው የተላጠ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚመስል ነው፤ ቀኑን፣ የሥራውን ስም፣ የተጫዋቹን ስምና አንድ ሁለት መስመር እጽፍበታለሁ። የቼሎ (ቫዮሊን የሚመስለው ትልቅ መሣሪያ) ተጫዋቹ ፓብሎ ካዛልስ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 የቀረጻቸውን የባኽን የቼሎ ስዊቶች በተመለከተ በ1978 ዓ.ም. «የድሮ ቀረጻ፤ ጫጫታው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፤ አያስኬድም» ብዬ ጽፌአለሁ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ስለዚያው ቀረጻ «ሰውየው እያሰበ ይጫወታል፤ ዝናቡ የት ሄደ?» ይላል። ቀረጻው ያው ነው። ቅኔ ቤት ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ስለዚህ ባለቅኔው በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። በቀረጻ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ ባለበት ይቆማል፣ የምትለወጡት እናንተ ናችሁ፤ መለወጣችሁንም ያለ ደብተር አታውቁትም። ለጀማሪ ሰው ግን በካዛልስ አትጀምሩለት፤ ጆሮው ጫጫታውን ማለፍ ሳይለምድ ያመልጣችኋል።

ይህ ሙዚቃ የፈረንጅ ብቻ ነው ለሚሏችሁ ሰዎች ክርክር ሳታበዙ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አሰሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ በወጣትነታቸው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ሲሆኑ፣ የራሳቸው የፒያኖ ድርሰቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቁጥር ሆነው ወጥተዋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋም የአገራችንን ዜማ በፒያኖ ሲጫወት ስሙት። ሁለቱን አስተያይታችሁ የግራ እጃቸውን አካሄድ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ የራሴን ግምት ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ያ የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ ዛሬ ባሕር ዳር ይኖራል፤ በወር አንድ ጊዜ እንደዋወላለን። አሁን የማንስማማው በሌላ ነገር ነው። ያ ሦስተኛ ክፍል የሚያልቀው በከፍተኛ ድምፅ ስለሆነ በየአዳራሹ ሰው ሲምፎኒው ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን የልቅሶ ክፍል ነው፣ እየከሰመም ያልቃል። እሱ ሰልፉ የእውነት ድል ነው ይላል። እኔ ግን ከመካከሉ ጀምሮ ፍርሃት ይሰማኛል፤ የሚሮጠው ከአንድ ነገር እየሸሸ ይመስለኛል። የመጪው እሑድ ቀጠሯችን በዚህ ላይ ነው። የምራቪንስኪን የ1960 ቅጂ ከነሌላ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ኑ፤ ፍርሃቱ አለ ካላችሁ የሚገባበትን ደቂቃ፣ የለም ካላችሁም እኔን ያሳሳተኝን ቦታ ጽፋችሁ አምጡ። ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።