ጌጁ ደህና ይላል፣ ላዩ ደርቋል

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አውቶሞቲቭ ትማራለህ። ለልምምድ የገባህበት ጋራዥ የሚያስፈታህ የድሮ የጭነት መኪና ሞተር ብቻ ነው። ባለፈው መልሳችሁ የገጠማችሁት ሞተር ሲነሳ የዘይት ጌጁ ደህና አሳየ፤ ከላይ ግን ሮከር አርሞቹ፣ ማለትም ቫልቮቹን ተጭነው የሚከፍቱት ክንዶች፣ ደርቀው ይንቀጫቀጫሉ። ጓደኞችህ ኮምፒውተር ሰክተው ብልሽት ያነባሉ። «እኔ በአሮጌ ብረት ጊዜዬን እየፈጀሁ ነው ወይ?» አልከኝ።

ኧረ አይደለም። እኔስ የምቀናው ባንተ ነው።

ጌጁ አልዋሸም። የሚለካው ዋናው መስመር ላይ ያለውን ግፊት ነው፤ ዘይቱ እስከ ላይኛው ክፍል መድረሱን በምን ያውቃል? ፓምፑ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ) ይስባል፣ በፊልትሮ (በማጣሪያው) ያሳልፋል፣ ዋናው መስመር ለኮሎው (ፒስተኖቹ ለሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና ለካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ለሚያስከፍተው ዘንግ) ያድላል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደ ሞተሩ ነው። አንዳንዱ ውስጡ ክፍት በሆነ ፑሽ ሮድ (ሮከሩን ከታች በሚገፋው ዘንግ) ወደ ላይ ይልከዋል። ሌላው ከካምሻፍቱ ቦኮላ (ዘንጉ ከሚሽከረከርበት ቀለበት) ያስነሳውና ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ በተበሳ ቀጭን ቀዳዳ፣ በጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መሃል ባለው ማሸጊያ)፣ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) አሳልፎ ሮከር ሻፍቱ (ሮከሮቹ የተሰኩበት ዘንግ) ውስጥ ያስገባዋል።

እንግዲህ የሚቆምበትን አስብ። ቦኮላው ተመቶ ሲገባ ትንሽ ከዞረና ቀዳዳው ካልገጠመ፣ እዚያው ቀረ። ጓርኒሲዮኑ ከተገለበጠም እንደዚሁ። ሮከር ሻፍቱ ከተገለበጠ ደግሞ ዘይቱ ይደርሳል፤ ግን በብዙዎቹ ቀዳዳው ወደ ታች፣ ጭነቱ ወዳረፈበት መዞር ስላለበት የሚፋተገው ጎን ይደርቃል። ይቺን በገዛ እጄ ሠርቻታለሁ፤ መኪናው በሳምንቱ ሮከሮቹ ተበልተው ተመለሰ። ወደ ምክር ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት ጋራዥ ነበርኩ። ለጋራዥ ካደላሁ ምክንያቱን አውቀህ አንብበኝ።

ደግሞ ቀዳዳው ጠባብ ነው ብለህ በድሪል እንዳታሰፋው! ሆን ተብሎ ነው የጠበበው። ከላይ ዘይት ሲበዛ በቫልቭ ጋይዱ (ቫልቩ በሚንሸራተትበት ቱቦ) ሾልኮ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ያጨሳል።

ኮምፒውተሩንም ተማር፣ አይቀርልህም። ለዚህ ሞተር ግን ኮድ የሚሰጥህ ማሽን የለም። ከየት ተነሳ፣ በየት አለፈ፣ የት ቆመ ብለህ መከተል እዚህ ከለመድክ፣ ነገ ሽቦም ስትከተል ያው ነው።

አባትህ «እጅህ ሳይቆሽሽ ቢሮ ግባ» የሚሉት ከፍቅር ነው። ግን እሳቸው የሚያስቡት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦበታል። ክፍያን በተመለከተ፣ ልምምዱ ካለቀ በኋላ በነጻ አንድ ቀን እንዳትሠራ።

ሰኞ አለቃህ ባሉበት ሮከር ሻፍቱን አውርድ። ፑሽ ሮዶቹንም አውጥተህ በተራቸው ደርድራቸው። ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዙሩት። ወደ ሻፍቱ ከሚወጣው ቀዳዳ ዘይት ብቅ ካለ ችግሩ ሻፍቱ ጋ ነው። ካላለ ቴስታታው ይነሳል፤ ያኔ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ከአዲሱ ጋር ደርበህ ቀዳዳዎቹን አመሳክር። የት እንደቆመ ጻፍልኝ።