ወደ ሳይት ለምትወጡ የምህንድስና ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

በየዓመቱ አራተኛ ዓመት የደረሱ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲያቸውን የትብብር ደብዳቤ ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹም ስሙ የገነነ ተቋራጭ ወይም ፎቁ የበዛ ሕንፃ እንድፈልግላቸው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሥራው አሁን የት እንደደረሰ ነው። የልምምዱ ጊዜ አንድ መንፈቅ፣ ማለትም አራት ወር ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 20 ፎቁ ሕንፃ ልስን ላይ ከሆነ የምታዩት ልስን ብቻ ነው። መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግን ቁፋሮውን፣ የፌሮ ሥራውን፣ የኮንክሪት ሙሌቱን፣ ከቀናችሁም የመጀመሪያውን ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ያሳያችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት የሕንፃውን የስትራክቸር ፕላን ለምናችሁም ቢሆን አግኙና አንብቡ፤ ፕላኑን ሳያውቅ ሳይት የገባ ተማሪ የሚያየውን ከምን ጋር ያስተያየዋል? ሄልሜትና ጠንካራ ጫማም ድርጅቱ ይሰጠናል ብላችሁ አትጠብቁ።

የእኔን ልምምድ ሳስብ ቶሎ የሚታወሰኝ አንድ ሽማግሌ ፌራዮ (ብረት አሣሪ) ነው። የኮለን፣ ማለትም የምሰሶ፣ ብረት እያሠረ ሳለ ስታፋዎቹ (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያቅፉት ቀለበቶች) ከላይና ከታች ተጠጋግተው፣ መሐል ላይ ግን ተራርቀው አየሁና፣ በልጅነት ድፍረት፣ ብረት እንዳይባክን እኩል እንዲያራርቃቸው ነገርኩት። እሱም ሳይቆጣ፣ «ልጄ፣ ፕላኑን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ፣ ሕንፃ ሲናወጥ የሚጎዳው ኮለኑ ከቢሙ (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደሆነ፣ የስታፋው ጫፍም በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው የውጪው ኮንክሪት ቢረግፍ እንኳ እንዳይፈታ መሆኑን በእጁ እያጠፈ አሳየኝ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ ያ ምሳ ሰዓት ትዝ ብሎኛል። ሳይት ኢንጂነሩ በክፍያ ሰነድና በርክክብ ተወጥሮ ሊውል ይችላል፤ ስለዚህ ፌራዮውን፣ አናጢውንና ግንበኛውን አክብራችሁ ጠይቁ። ሥራውን ቆሞ ከሚያይ ይልቅ ቱምቢ የሚይዝ፣ ሜትር የሚዘረጋ ተማሪ ቶሎ እንደሚነገረው ታዝቤአለሁ።

የየቀኑን ሥራ ስለምትመዘግቡበት ማስታወሻ ደብተር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ የምታጠፉት እዚህ ላይ ነውና። የአራት ወሩን መዝገብ በመጨረሻው ሳምንት ተቀምጦ መሙላት፣ ከዚያም ካለፈው ዓመት ተማሪ ሪፖርት መገልበጥ የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለው መዝገብ «ዛሬ ኮንክሪት ተሞላ» ከማለት አያልፍም። በክፍል ውስጥ የስላምፕ፣ ማለትም የኮንክሪቱን ቅጥነት፣ መለኪያው ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ኮንክሪቱም በ3 ንብርብር እየተሞላ እያንዳንዱ 25 ጊዜ እንደሚጠቀጠቅ ተምራችኋል። ሳይት ላይ ደግሞ ድብልቁ ለመሙላት እንዲቀል ሚክሰሩ ውስጥ በግምት ውሃ ሲጨመር ታዩ ይሆናል። ያን ቀን ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሳጥን አሸዋ፣ ስንት ሳጥን ጠጠር፣ ስንት ባልዲ ውሃ እንደገባ ቆጥራችሁ ከጻፋችሁ፣ ከ28 ቀን በኋላ የኪዩቡ (ለጥንካሬ ሙከራ የተሞላው የኮንክሪት ናሙና) ውጤት ከላቦራቶሪ ሲመጣ ገጹን ገልጣችሁ ታስተያያላችሁ። ትርፍ ውሃ ጥንካሬን እንደሚቀንስ ፈተና ላይ መጻፍ ሌላ፣ ራሳችሁ የቆጠራችሁትን ባልዲ በውጤቱ ቁጥር ውስጥ ማየት ሌላ ነው። ያልገባችሁንም በዚያው ገጽ ላይ ጻፉት፤ አማካሪ መምህራችሁ ለጉብኝት ሲመጣ የምትጠይቁት አታጡም።

ሪፖርታችሁን ለትምህርት ክፍሉ ስታስገቡ አንድ ቅጂ ለሳይቱ ስጡ። በኃላፊነት በመራኋቸው ሥራዎች ብዙ ተማሪዎችን ተቀብያለሁ፤ ሪፖርቱን ይዞ የተመለሰልኝ ግን ከሦስት አይበልጥም፤ ከሦስቱም ሁለቱን ሲመረቁ ቀጥሬአቸዋለሁ።