ሩጫውን ትቆጥራላችሁ፣ እንቅልፉንስ?

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያለ ሯጭ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ስትጠይቁት ቁጥሩን ቶሎ ይነግራችኋል። ስንት ሰዓት ተኛህ ሲባል ግን «ያው ደህና ነው» ይላል። ሩጫ ጡንቻን ያደክማል፤ የሚጠግነው እንቅልፍ ነው። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ሌሊቱ እንደጀመረ፣ በጥልቁ እንቅልፍ ጊዜ ነው።

ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ንጋት 11 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ እንቅልፉ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሊወስዳችሁ ይገባል፤ ያም ሆኖ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ስልክ ስትነካኩ 5 ሰዓት ከሆነባችሁ የቀረላችሁ 6 ነው።

ትልቁ ጣጣ ቡናው ነው። እናት ያፈላችውን አልጠጣም ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ቀን 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። «እኔን እንቅልፍ አይከለክለኝም» የሚል አለ። ቢተኛም እንቅልፉ ይሳሳል፣ ጥልቁ ያንሳል። አቦሉን ከ8 ሰዓት በፊት ጠጡ፤ ለማታው ቶና በትሕትና እንቢ በሉ።

ማኅሌት ቆማችሁ ካደራችሁ በማግሥቱ የፍጥነት ልምምድ አትሥሩ፤ ለስለስ ያለ ሩጫ ይበቃል። ቀን ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሸለብ አድርጉ፣ ከ9 ሰዓት በፊት። ከዚያ ካስረዘማችሁት ከጥልቅ እንቅልፍ መሐል ትነሱና ራስ ይከብዳችኋል።

በቂ ማረፋችሁን የሚነግር መሣሪያ አትግዙ፤ ጣት ይበቃል። ጠዋት ስትነቁ፣ ከመኝታ ሳትነሱ፣ አንገታችሁ ላይ የልብ ምታችሁን ለ60 ሰከንድ ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። የአንድ ሳምንቱን አማካይ ያዙ። አንድ ጠዋት ከአማካዩ በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ እንቅልፍ ጎድሏል፣ ድካም አልወጣም፣ ወይም ሕመም ሊጀምራችሁ ነው። ያን ቀን ዳገት ይቅር።

ማታ እግራችሁ ውስጥ የሚሄድ ነገር እየተሰማችሁ አላስተኛ ካለ ስንፍና አይደለም፤ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ። በተለይ ሴቶች ልጆች ይህን አትናቁ። ሻይና ቡና የምግቡ ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ስለሚያደርጉ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጡ።

በውድድር ዋዜማ እንቅልፍ እንቢ ቢል አትደንግጡ፤ የአንድ ሌሊት ጉድለት ያን ያህል አይጥልም። የሚጥለው የሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ ተኙ። ውድድሩ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የዓባይን በረሃ የሚያሻግረው አውቶቡስ ሌሊት ያስነሳችኋል፤ በዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ሂዱ።