ክኒኑ ሲቀንስ ሞቱ ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ኦፒዮይድ የሚባለውን ጠንካራና ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ማዘዝ ቀንሰዋል። ታዲያ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚመጣው ሞት ለምን ባሰ? እኛ ቡድን ውስጥ ሁሌ የሚያጨቃጭቀን ነገር ነው።

መልስ፦ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑት ውሃው በሌላው ይወጣላ! እ.ኤ.አ. በ2010 ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦፒዮይድ ክኒን ለሱስ ተፈጭቶ እንዳይወሰድ ተደርጎ ሲሠራ ብዙ ተጠቃሚ ወደ ሄሮይን ዞረ፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ከሄሮይን እጅግ የሚበረታው ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ ፌንታኒል ገበያውን ወረረው። ስለዚህ ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ የእስር ቤቱን ኃላፊና ሱሱን ያለፈበትን ሰው (እሱን እንዳትረሱት!) አንድ ላይ ሰብስቡና ሰው ከክኒን እስከ ሞት የሚሄድበትን መንገድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉት። ለምሳሌ ከእስር የሚወጣውን እዩ። ሳይወስድ ስለቆየ ሰውነቱ ዕፁን መላመዱን አጥቷል፤ የድሮውን መጠን ሲወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ናሎክሶን (ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድን የሚቀለብስ መድኃኒት) እና የሜታዶን (የኦፒዮይድ ሱስ ማከሚያ መድኃኒት) ሕክምና እዚያው በሩ ላይ ይጠብቁት። ናሎክሶን ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚሠራው፤ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል አምቡላንስ መጥራት አይቀርም።