መልስ፦ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እህቴ እማማን ልታስመጪ ነው እንኳን ደስ አለሽ። ርቀቱ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃው ለምን ከመመለሻው በጣም ይረዝማል ላልሽው፣ ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ለመነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል (ደብሊን የሚቆምበት ጊዜ ነበር፣ ቦታው ስለሚቀያየር ቲኬቱ ላይ እዪው)፣ በዛ ላይ ነፋሱ ከፊት ነው። እንግዲህ ከነማቆሚያው 16፣ 17 ሰዓት በይው። ከደለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት) ሲመለስ ግን ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱም ከኋላ እየገፋው 13 ሰዓት አካባቢ በቀጥታ ይገባል።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ነው፣ ዝም ብለሽ እንዳትቀንሺ። ዲሲ በበጋቸው 7 ሰዓት በክረምታቸው 8 ሰዓት ከኛ ወደኋላ ነው። ደግሞ 22:30 የሚለው በኛ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው፣ እማማ ጋ ስትደውዪ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገሪያት፣ በዚህ ብቻ በረራ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ብቻዋን ከሆነች ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር አስመዝግቢላት፣ በነፃ ነው፣ መራመድ ብትችልም እንኳን እስከ ኢሚግሬሽን የሚያደርሳት ሰው ታገኛለች። ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ ደረስኩ ብላ እንዳትነሳ አደራ ንገሪያት፣ በየመሃሉም ተነስታ እግሯን ታፍታታ።