ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ማታ የምበላው ፊሽ ኤንድ ቺፕስ እና የማይለቀኝ ቃር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ፣ 47 ዓመቴ ነው። ያደግሁት ሐዋሳ ስለሆነ ዓሣ ነፍሴ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ አጽዋማቱንም እጾማለሁ። ሥራ ላይ ስለምሆን እስከ ማታ ምንም ሳልቀምስ እቆይና 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ (እዚህ 10:30 የሚሉት) ሰፈሬ ካለው ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤት ሃዶክ የሚባለውን ዓሣ በሊጥ ተጠብሶ፣ ከቺፕስ (ከተጠበሰ ድንች) ጋር ገዝቼ እገባለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል። በልቼ ጋደም ስል ቃር ያቃጥለኛል፣ አፌ ይመራል። አንዳንዴ ደግሞ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ይይዘኛል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ጨጓራዬ ሲብስብኝ ጓደኛዬ የሰጠኝን ኦሜፕራዞል እውጣለሁ። ባለቤቴ «ያ ዘይት አንድ ቀን ይጥልሃል» ትለኛለች። እኔ ግን ዓሣ ጤና ነው ሲባል ነው ያደግሁት። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ዓሣው እርስዎ ልክ ነዎት፤ ስለ ዘይቱ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እኔን ከሁለቱም በላይ ያሳሰበኝ ግን የሚበሉበት ሰዓትና ያ የቀኝ ጎን ሕመም ነው።

ከዓሣው ልጀምር። ሃዶክ ሥጋው ነጭ፣ ስቡ በጣም ጥቂት የሆነ ዓሣ ነው። ጥሩ ፕሮቲን ይሰጣል፣ አዮዲንም አለው። ለልብ ይበጃል የሚባለው ኦሜጋ 3 ግን በብዛት ያለው እንደ ማኬሬል፣ ሰርዲንና ሳልሞን ባሉት ቅባታማ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ ነው፤ ሃዶክና ኮድ የሚባለው ሌላው ነጭ ዓሣ ስባቸውን የሚያከማቹት በጉበታቸው ነው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት (ኤን ኤች ኤስ) በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ ብሉ፣ አንዱ ቅባታማ ይሁን ይላል፤ አንዱ ድርሻ ሲበስል 140 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በሳምንት አራት ጊዜ ሃዶክ እየበሉም ያ ቅባታማው ዓሣ ሊጎድልብዎት ይችላል። አገር ቤት የምናውቀው የቆርቆሮ ሰርዲን፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቶ፣ ይህን ክፍተት ይሞላል። ቃሪያው ቃርዎን ከቀሰቀሰ ይቀንሱለት።

አሁን ወደ መጥበሻው እንምጣ። እነዚህ ቤቶች ባንኮኒ ፊት ቆሜ ተራ ስጠብቅ ብዙ አይቻለሁ። ዓሣው ከሊጥ ውስጥ ይወጣና እየተንጠባጠበ ወደ ፈላው ቅባት ይገባል፤ ሊጡ ወዲያው ያብጥና ወርቃማ ቅርፊት ይሠራል። ዓሣው ራሱ ቅርፊቱ ውስጥ በእንፋሎት ነው የሚበስለው። ቅባቱን የሚጠጣው ሊጡ ነው። መጥበሻው ውስጥ የቀረውን የሊጥ ፍርፋሪ ደግሞ በእናንተ አካባቢ «ስክራፕስ» ብለው ላዩ ላይ ይበትኑልዎታል፣ ብዙ ጊዜ በነፃ። ቤት ደርሰው ሲፈቱት ወረቀቱ ቅባት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። አንድ ትልቅ ሃዶክ ከሙሉ ቺፕስ ጋር ብቻውን 1000 ካሎሪ ሊጠጋ፣ ሊያልፍም ይችላል፤ ለአንድ ወንድ የቀኑ ሙሉ ልክ 2500 አካባቢ ነው።

አንድ የማያውቁት ነገር ሊኖር ይችላልና በግልጽ ልንገርዎት። ሊድስ ያለችው ዮርክሻር ውስጥ ነው፤ በዮርክሻር ደግሞ ብዙ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ጣዕሙ የሚገኘው ከሱ ነው ብለው ይኮሩበታል። እርስዎ የጾም ብለው የሚገዙት ዓሣና ድንች በሞራ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዓሣ ራሱ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ ሞራው ግን በጾምም በጤናም በኩል የሚያሳስብዎ ይመስለኛል። ከሞራ ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስብ (ሳቹሬትድ የሚባለው) ነው። «እኛ የአትክልት ዘይት ነው የምንጠቀመው» ቢሉዎትም ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። የፓልም ዘይት ከአትክልት ቢሆንም እንደ ሞራው ግማሽ ያህሉ ያው ስብ ነው፤ ሬፕሲድ የሚባለው ዘይት ግን ከዚህ ዓይነቱ ስብ ያለው ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ሊጡም እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዱ ዱቄትና ውኃ ብቻ፣ አንዳንዱ ወተት፣ እንቁላል ወይም ቢራ ያለበት። በአገሩ ሕግ ወተት፣ እንቁላልና ግሉተን ያላቸውን እህሎች ጨምሮ 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች ምግቡ ውስጥ እንዳሉ ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የበሬ ሞራ ግን ከ14ቱ ውስጥ ስለሌለ ስሙን ጠርተው ካልጠየቁ የሚነግርዎት ላይኖር ይችላል።

ቃሩ ለምን ማታ ማታ እንደሚነሳ ላስረዳዎት። ጨጓራና የምግብ ቧንቧ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምግብ ካሳለፈ በኋላ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ቅባት የበዛበት ምግብ ይህን ጡንቻ ያላላዋል፤ ጨጓራም ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገየዋል። እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ በአንድ ጊዜ እስከ አፉ ይሞሉና ወዲያው ይተኛሉ። ሲጋደሙ አሲዱ ወደ ላይ ለመምጣት መንገዱ ክፍት ነው። ቺፕሱ ላይ የሚያፈሱት ኮምጣጤም ይጨመርበታል። የሚወስዱት አምሎዲፒንም በአንዳንድ ሰው ላይ ይህንኑ ጡንቻ በማላላት ቃር ያባብሳል። ይህን አንብበው መድኃኒቱን እንዳያቆሙ አደራ! ደም ግፊቱ ከቃሩ የከፋ ነው። ለሐኪምዎ ይንገሯቸው፤ ካስፈለገ የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው።

ጽሑፍዎን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የረቡዕና የዓርብ ጾም ብዙው ሰው 9 ሰዓት ላይ ይፈታል። እርስዎን እስከ ማታ 4 ሰዓት ተኩል የሚያቆይዎት ጾሙ ሳይሆን ሥራው ነው። በምሳ ዕቃ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ ይዘው ይውጡና 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ መኪናዎን አቁመው፣ ከወንበርዎ ወርደው ይብሉ። ማታ የሚገቡት ቀለል ያለ ነገር ለመቅመስ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻው ምግብና በእንቅልፍ መካከል ሦስት አራት ሰዓት ቢኖር፣ የአልጋዎ ራስጌም ከሥሩ በጣውላ ወይም በጡብ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ብዙ ሰው ይረዳል። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይረዳም።

ስለ ጓደኛዎ ኦሜፕራዞል ደግሞ። እኛ ከደረት እስከ እምብርት ያለውን ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» እንለዋለን፣ ሐኪምም ፊት ይህንኑ እንናገራለን። ስም አንድ ሆነ ማለት ግን በሽታው አንድ ነው ማለት አይደለም። አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከልጅነታችን ጀምሮ ተሸክመነው እንኖራለን፣ የጨጓራ ቁስልም ያመጣል። በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ነገር ግን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተመረመሩ ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊመጣ ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆም አለበት፤ አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነም አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። አልፎ አልፎ የሚውጧትን ክኒን ለሐኪምዎ ካልነገሯቸው ምርመራው ዋጋ ያጣል።

ያ የቀኝ ጎን ሕመም ግን ከቃሩ ተለይቶ መታየት አለበት። ቅባት ከበሉ በኋላ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ጨምድዶ የሚይዝ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት የሚቆይ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ሐሞት ከረጢት ቅባት ሲመጣ ነው የሚጨመቀው፤ ጠጠር ካለበት ያን ጊዜ ያማል። አልትራሳውንድ በቀላሉ ያሳየዋል። ሳምንት ሳይሞላ ለጂፒዎ (ለተመዘገቡበት የሰፈር ሐኪም) ደውለው ቀጠሮ ይያዙ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎም እንደዚሁ። ምግብ ሲውጡ የሚያንቅዎት ወይም ሳያስቡት ክብደት የሚቀንሱ ከሆነ ደግሞ ለጂፒዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩ። የሚያቃጥለው ደረት ላይ ሆኖ፣ ጭነት እንደተቀመጠበት ከከበደ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀዎ፣ መኪናውን ዳር አቁመው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 999 ይደውሉ። ደም ግፊት ያለበት የ47 ዓመት ሰው ይህን «ቃር ነው» ብሎ ማሳደር የለበትም። «ጨጓራዬ ነው» ብለው ቆይተው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆኖ ያገኘናቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ የመጡት ዘግይተው ነው።

ጨውም አለ። ለአዋቂ የቀኑ ልክ 6 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ሻጩ «ጨውና ኮምጣጤ?» ብሎ ሲጠይቅዎ መልሱን ሳይጠብቅ ትልቁን የጨው ዕቃ ቺፕሱ ላይ መነቅነቅ ጀምሯል። ቀድመው «ጨው የለም» ይበሉት። ቤት ገብተው በጣትዎ ቆንጥረው ቢነሰንሱ ከሱ እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ፈጽሞ አይብሉ አልልዎትም፤ የሚወዱትን ነገር ሙሉ በሙሉ የከለከልኩት ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስልኝም። ሐሞት ከረጢትዎ እስኪታይ ግን በዘይት የተጠበሰ ነገር ሁሉ ይቅር። ጠጠር ከሌለ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን፣ በጊዜ፣ ትንሹን ሃዶክ ይግዙ፤ አንዱን ቺፕስ ከባለቤትዎ ጋር ይካፈሉ። የቅርፊቱን ግማሽ ይላጡለት፣ ስክራፕሱ ይቅር። ወፍራሙ ቺፕስ ከቀጭኑ ያነሰ ቅባት ይጠጣል። ጎኑ ላይ የሚቀርበው የተፈጨ አተር (ማሺ ፒስ የሚሉት) ከአገራችን አተር ክክ ጋር ዘመዳሞች ናቸውና እሱን ይጨምሩበት። ዓሣ ያማረዎት በሌላው ቀን ሃዶኩን በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ በርበሬ ለውሰው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ቀብተው ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ያብስሉት፤ ሥጋው በሹካ ሲነካ ከተፈረፈረ በስሏል።

ወደ ጂፒዎ ሲሄዱ የአንድ ሳምንት የደም ግፊት ልኬት ይያዙ፤ ጠዋትና ማታ፣ ቤት ቁጭ ብለው የለኩት። ቤት ውስጥ ሲለካ በአማካይ ከ135 በ85 በታች መሆን አለበት። ኮሌስትሮልና የስኳር ምርመራም ይጠይቁ። እንግሊዝኛው ለሥራ ቢበቃዎትም ሕመም ለመግለጽ ካጠረዎት፣ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው፤ ኤን ኤች ኤስ ያለ ክፍያ ያቀርባል። ለአስተርጓሚውም «ጨጓራ ነው» ብለው አይጀምሩለት፤ ደረትዎን የሚያቃጥለውን ለብቻ፣ ቀኝ ጎንዎን የሚይዘውን ለብቻ፣ በእጅዎ ቦታውን እያሳዩ ይንገሩት።